«እንደ ሙሽራ ሸኚኝ»

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ሰው ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከልብስ ስፌት ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት አስነስተው ነበር ያመጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የታጠፈ በራሪ ወረቀት ተገኘ፤ ወረቀቱ የእኔ ነበር፣ አልዋሽም። ክፍሉ ለጆንያ ማስቀመጫ የተሠራ መጋዘን ነበር። ከአርባ የማናንስ ሴቶች በጎናችን ተደርድረን እንተኛለን፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው በርሜል አለ። የአዲስ ገቢ ቦታ ከበርሜሉ ጎን ነው፤ የክፍሉ ደንብ ነው። እኔም እዚያው ተጣልኩ።

ሰው ሁሉን ይለምዳል። ቅማሉን ለመድኩት፣ ትኋኑን ለመድኩት፣ የበርሜሉንም ነገር ለመድኩት። ያልለመድኩት መዝሙሩን ነው። ጠዋት ጠዋት ካድሬው ይመጣና ያቆመናል። ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ! ከዚያ ያሰረንን መንግሥት ማወደስ ነው። አሳሪህን አመስግነህ፣ አጨብጭበህለት፣ ከዚያ ቂጣህን ትበላለህ። እርም የሚባል ነገር ካለ እሱ ነው።

አጠገቤ የምትተኛ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ቦታ ጮክ ብዬ ጠርቼዋለሁ፣ ይበቃል። ተረበኛ ናት። ሳንኮራፋ አድሬ ስነሣ «እትዬ ማታ ስታንኮራፊ በርሜሉ ተንቀጠቀጠ» ትለኛለች። በሰፈሬ ሠርግ ላይ ዘፈን አውጪ እንደነበርኩ አንድ ቀን ነግሬያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ድምፃዊቷ» ሆኖ ቀረ።

አንድ ጠዋት በሩ ላይ ስሟ ተጠራ።

«አቤት» አለች።

«ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ!»

ዕቃሽን ይዘሽ ማለት ምን እንደሆነ በዚያ ክፍል ያልገባት አልነበረችም። እንደዚያ ተብላ ከወጣች አንዷም ቤቷ አልደረሰችም። ልጅቷ ለመፈቻዬ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ንጹሕ ቀሚስ አውጥታ ለበሰች። ፀጉሯን በጣቷ አበጠረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ሴት ልጅ እኮ ዝም ተብላ አትሸኝም። እስኪ እንደ ሙሽራ ሸኚኝ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር።

እኔ ምን አልኳት? «ዝም በይ አንቺ፣ ይሰሙናል!» አልኳት። የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ነው። ቀና ብላ አየችኝና ወጣች።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ካድሬው እንደ ልማዱ መጣ። ቁርሱን በልቶ ነበር የመጣው፤ ጺሙ ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ ቀርቷል። «ድምፃዊት አለች አሉ ከእናንተ ውስጥ። የቷ ናት?» አለ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እግሬ ራሱ ተነሣ። ግራ እጄን ሰቀልኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ መዝሙራቸውን አወጣሁ። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። ለልጅቷ የነፈግኋትን አፍ ለሱ ከፈትኩለት። ተኝታበት የነበረው ቦታ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፣ እኔ እላዩ ቆሜ ነው የዘፈንኩት።

ካድሬው ደስ አለው። ኪሱን ዳበሰና አንድ የናና ከረሜላ ሰጠኝ።

በላሁት። ሞት ይርሳኝ፣ ወረቀቱን ልጬ በላሁት። ጣፈጠኝም። ቱ! ዛሬም ሳስበው ምራቄ ይመራል።

ተፈትቼ፣ በሱዳን በኩል ወጥቼ፣ ስዊድን ከገባሁ ጀምሮ ዘፍኜ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ መዝሙር ሲጀመር ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የዚህ አገር ሰው ከረሜላ በከረጢት ሲያፍስ ፊቴን አዞራለሁ። ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያን ስጦር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ፖለቲካ የሚባል ነገር ሲነሣ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ እነሣለሁ።

ከበላዬ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ቺሊያዊት ትኖራለች። የተዋወቅነው ትቬትስቱጋ በሚሉት በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ዕድሜያችን ይቀራረባል፤ የሁለታችንም ስዊድንኛ ስብርብር ነው፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የተግባባነው። እሷም ታስራ ነበር። አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን እያጣጠፍን አወራችኝ። ወታደሮቹ መንግሥት ገልብጠው ሲገቡ የዘፈን ሸክላ አቃጠሉ፣ ጊታር ሰበሩ፣ ዘፋኝ ገደሉ። እነሱ ግን እስር ቤት ውስጥ ከሣጥን ጣውላ ጊታር ሠሩ። ሰው ሊወሰድ ሲጠራ ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀባበሉ ዘፈኑ።

«ለሚወሰደው ሰው?» አልኳት።

«ለማን ልንዘፍን ኖሯል?» አለችኝ።

ቅናት ያዘኝ፤ እውነቱን ልናገር። ቅናት ብቻ አይደለም፣ ራሴን ጠላሁት። የኔን አልነገርኳትም።

ባለፈው መስከረም እንሂድ አለችኝ። ቺሊያውያኑ በየዓመቱ ወታደሮቹ የገቡበትን ዕለት ተሰብስበው በዘፈን ያስባሉ። «አንቺ ከእኛው ወገን ነሽ» አለችኝ። ምን ልበል? ሄድኩ። ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ የተከራዩት አዳራሽ ነው፤ እንደ ሳምቡሳ ያለ ሥጋ የተሞላ ሊጥ ይሸጣሉ፤ ጊታር አለ፣ ከበሮ አለ። አንዲት ሴት ስለ ማዕድን ቆፋሪ ሚስት ስትዘፍን ጎረቤቴ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። ደስ አለኝ፣ አልክድም።

ኋላ ሌላ ዘፈን ተጀመረ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ግራ እጅ ሁሉ ተጨብጦ ወደ ላይ!

እዚያው የመጋዘኑ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሁሉም ቆሞ እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በስዊድንኛ «ይኼ ለሞቱት ነው! ለሞቱት አይቆምም እንዴ?» አሉኝ። ጎረቤቴ በዓይኗ ገረመመችኝ። የወታደሮቹ ወገን ሳልመስላት አልቀረሁም። ጥያት ወጣሁ።

ኮሪደር ላይ ደረሰችብኝ። «ምን አደረግንሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። እናንተን ያሳሰራችሁ የተጨበጠ እጅ እኛን ያሰሩን ሰዎች ምልክት ነው፣ እሱን እየሰቀልን ነው ቂጣ የበላነው አልኳት። የልጅቷን ነገር ነገርኳት። ከረሜላውን ሳይቀር ነገርኳት፤ እሱን ከዚያ በፊት ለፍጡር ነግሬ አላውቅም።

«አይዞሽ» አላለችኝም፤ ደግ አደረገች። «እጅሽን ተዪው። ስሟን ግን ነይ ጥሪው» አለችኝ።

ስንመለስ ስም እየተጠራ ነበር። ልማዳቸው ነው፤ የፈለገ ተነሥቶ የሞተበትን ሰው ስም ይጠራል፣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ፕሬሴንቴ!» ይላል፤ አለ፣ አለች ማለት ነው። በእኛ የእስር ክፍል ስም ሲጠራ እያንዳንዳችን «እኔ ባልሆንኩ» ነበር የምንለው። የተጠራች ብቻዋን «አቤት» ብላ ብቻዋን ትወጣለች።

ተነሣሁ። ሁለት እጄን ቀሚሴ ላይ አድርጌ ስሟን ከነአባቷ ጠራሁ። ድምፄ እንደ በር ሲጢጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌም ጭምር፣ በማያውቋት ልጅ ፈንታ «ፕሬሴንቴ!» ብለው መለሱላት። ጎረቤቴን ዞር ብዬ አየኋት። አዳራሹ በሙሉ እጁን ሰቅሎ እሷ ብቻ የራሷን አውርዳ፣ እንደኔ ቀሚሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ያችን ያወረደቻትን እጅ እስክሞት አልረሳትም።

በሳምንቱ ትቬትስቱጋ ተገናኘን። አንሶላ እያጣጠፍን «ልጅቷ የጠየቀችሽ ዘፈን ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። የሠርግ ዘፈን ነው፣ አውጪና ተቀባይ ይፈልጋል፣ ለብቻ አይሆንም አልኳት።

«እኔ እቀበላለሁ» አለች።

ካድሬውን አልረሳሁትም፤ አፌም ከእንግዲህ የሚነጻ አይመስለኝም። ያም ሆኖ አወጣሁ። ማጠቢያው ይንጓጓል፣ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ እሷ ቃሉን ሳታውቅ «ላ ላ» እያለች ትቀበላለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቤት ሳልዘል ዘፈንኩት። ልጄን፣ አርጅቼም ቢሆን፣ ሸኘኋት።