ማንም ያላስፈቀደው ፊት

ጋራዡ ውስጥ ስቱኮ ነው የሚሉት። የተጋጨ መኪና ተቀጥቅጦ ሲቃና፣ የቀረውን ጉድጓድ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀለም የሚረጨው እሱ ነው። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ አቧራ ለብሶ ይውላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እሱ የቀባውን በር ከፋብሪካው በር የለየ ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም። ምላሱ ግን እሬት ነው፤ ይህንንም ደንበኞቹ ያውቁታል።

እሁድ እሁድ ከጋራዡ ማዶ ያለውን የመጋዘን ግድግዳ ይስል ነበር። መጋዘኑ ወራሾቹ ሲካሰሱ ለዓመታት ተዘግቶ የቆመ ስለሆነ ማንም ምን ታደርጋለህ አላለው፤ እሱም ማንንም አላስፈቀደም። የሳለው ታላቅ እህቱን ነው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፤ በመርፌ። በሚቀጥለው ዓመት ቤት ውስጥ ሲሯሯጥ የካውያው ገመድ እግሩ ላይ ተጠመጠመና የጋለው ካውያ ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ጠርዝ በምታጥፈው እህቱ ፊት ላይ አረፈ። ከጆሮዋ እስከ አገጯ ጠባሳ ቀረ። አልመታችውም፤ አልተቆጣችውምም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ሻርፗን ከአገጯ አውርዳ አታውቅም።

እሱ ግድግዳው ላይ ሻርፑን አወለቀው። በሦስት ሰው ቁመት ሳላት፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ እስፒሎቹ በከንፈሮቿ መሃል፣ ጠባሳውም እንዳለ። መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ ፎቶ ይነሳል። እሷ አንድ ቀን መጣች፣ አየች፣ ተመለሰች። ማታ ሊጠይቃት ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ሠላሳ ዓመት የደበቅኩትን አደባባይ ሰቀልከው። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ» አለችና ዘጋችበት። ሁለት ዓመት ተኳረፉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የጋራዡ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ባትላሜራው፣ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ስቱኮ፣ እህትህ ሳሙና መሸጥ ጀመረች እንዴ?» አለው።

«ምን ትቀባጥራለህ?»

«አደባባዩ ጋ ሂድና እይ።»

ሄደ። አደባባዩ ላይ፣ ቤት በሚያክል ቢልቦርድ፣ እህቱ ናት። እስፒሎቹን ከአፏ አውጥተው ፈገግ አስብለዋታል። እጇ ላይ የዱቄት ሳሙና ካርቶን አስይዘዋታል። ጠባሳው የለም። ከስሩ በትልቁ «እድፍ የሚባል አይቀርም!» ይላል።

ቱታውን እንኳ ሳይቀይር ማስታወቂያውን የሠራው ድርጅት ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ወጣት ነው።

«ሥዕሉ የኔ ነው» አለ ስቱኮ።

«የመንገድ ሥዕል አይደለም እንዴ ጋሼ? ፊርማ የለው፣ ባለቤት የለው። ፎቶ አንሺያችን ሲያልፍ ያገኘው ነው።»

«መንገድ ላይ የቆመ መኪና ስታገኝ ጎማውን ፈትተህ ነው የምትሄደው?»

«ግድግዳውስ የእርስዎ ነው? አስፈቅደዋል?»

ስቱኮ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ወጣቱም መንገዱ የተከፈተለት መሰለው። «አዩ፣ ሁላችንም ያው ነን። እንዲያውም አሳመርንልዎት፤ ያን አገጯ ላይ ያለውን ነገር አነሳነው እኮ።»

ይህን ሲሰማ ነው ጠረጴዛውን የገለበጠው። ኮምፒዩተሩ ተንኮታኮተ። ሁለት ጥበቃዎች አንጠልጥለው አስፋልት ላይ ጣሉት፤ ክርኑም ተላጠ።

መኪናውን ሊያሠራ ጋራዥ የመጣ አንድ ጠበቃ ነገሩን ሰምቶ ሳቀበት። «ግድግዳው የሰው፣ ሥዕሉ ያልተፈረመ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ንብረት ሰብረሃል። አንተ ብትከስ ሽበት ታወጣለህ። የፊቱ ባለቤት ከከሰሰች ግን በሳምንት ያወርዱታል። እህትህን አስፈርማት» አለውና ማመልከቻውን ጽፎ ሰጠው።

ቀኑን ሙሉ ሲያመነታ ውሎ ልብስ ስፌት ቤቷ ሄደ። እህቱ ቀና ብላ አየችው እንጂ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አላቆመችም።

«በስንት ሸጥከኝ?» አለች።

«እትዬ ሙች፣ አልሸጥኩሽም! ሰረቁኝ።»

ፔዳሉ ቆመ። «ሰረቁኝ? ደግሞ አንተን ሰረቁህ? ፊቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። ግን እኔ የሳልኩሽ...»

«እነሱ አላስፈቀዱህም። አንተስ እኔን መቼ አስፈቀድከኝ?»

«እኔ እኮ በፍቅር ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ያደንቅሽ ነበር።»

«አድንቁኝ አልኩ? ቢልቦርዱ ሥር ቆሜ ስለምን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ? መጀመሪያ አንተ ጠባሳዬን ለአላፊ አግዳሚ አሳየህ። ቀጥለው እነሱ እንደ ቆሻሻ አጠቡት። አሁን ደንበኛ ሁሉ እየመጣ፣ ሻርፔን እያየ፣ 'ሳሙናው አልሠራም እንዴ?' ይለኛል። ማን ነው ታዲያ የባሰብኝ? ንገረኝ እስቲ!»

«ይቅርታ እትዬ። ያኔም ካውያው...»

«ካውያውን አታንሳ!» ብላ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «ያኔ ልጅ ነበርክ። አሁን የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነህ።»

ወረቀቱን ከእጁ መንጭቃ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና፣ ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ የሱን ስም ከነአባቱ ጻፈች። «እሱም የሳለውን ያጥፋ» ብላ ጨመረችበት። ፈረመችና መለሰችለት። «ሁለታችሁንም ነው። ከፈለግህ ቅደደው።»

መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመ። ሊቀድደው እጁ ሁሉ ሄዶ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ራሱ ፍርድ ቤት ወስዶ አስገባው።

ቢልቦርዱ በዘጠነኛው ቀን ወረደ። ለሷ የይቅርታ ደብዳቤ ደረሳት፤ ለሱ ደግሞ ሥዕሉን እንዲያጠፋ የሚያዝ ወረቀት መጣ። ባትላሜራው ተናደደ። «ይቺ እህት ናት ጠላት?» ቢል ስቱኮ ኮሌታውን አንቆ ከመኪናው ጋር አጋጨው። ሁለተኛ ስሟን ያነሳ የለም።

እሁድ ዕለት የኮምፕሬሰሩን ቱቦ መንገድ አሻግሮ፣ ግራጫ መሠረት ቀለም በጥብጦ መርጨት ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ያረማት ፊት ከምሳ በፊት ጠፋች። ዘወር ሲል እህቱ ከማዶው እግረኛ መንገድ ላይ ቆማለች።

«ከላይ ጥግ ላይ ጸጉሬ ቀርቷል» አለችው።

ወጥቶ ደገመበት። ሲወርድ ሄዳለች።

የሳሙናው ድርጅት በኋላ ሰው ልኮ ደህና ግድግዳ እንሰጥሃለን፣ በፈቃድ ሳልልን ብሎት ነበር። የመለሰለትን ስድብ እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

ከወር በኋላ ሱሪ ይዞ ስፌት ቤቷ ገባ። እንደማንኛውም ደንበኛ ወረፋ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ቁመቱን ለካችና በጠመኔ ምልክት አደረገችበት፤ ቀና ብላም አላየችው።

«ሐሙስ ና» አለችው።