አንድ አንድ ገጽ በየተራ

ክልል የሚባለው ነገር አዲስ በነበረበት ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ የማይከፋፈል ነገር አልነበረም። ወንበር ይከፋፈላል፣ ቢሮ ይከፋፈላል፣ መኪና ይከፋፈላል። ለዚህኛው ብሔረሰብ ይህን ያህል፣ ለዚያኛው ይህን ያህል፣ ለእኛ ለደገኞች ደግሞ የተረፈው። እኔ ክፍፍልን አልቃወምም። ድርሻ ያላገኘ ሰው ያኮርፋል፣ ያኮረፈ ሰው ደግሞ ለጉርብትና አይመችም።

እኛ ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ የምንከፋፈለው መጽሐፍ ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ጎረቤቴ ናቸው። አኙዋ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከሱዳን በባሮ ወንዝ ሽቅብ ይመጡ በነበሩት መርከቦች ላይ ሠርተዋል። ማንበብ ይችላሉ፣ ነገር ግን ሚሲዮኖች ያስተማሯቸው በፈረንጅ ፊደል ነው። አማርኛን በጆሮ እንጂ በዓይን አያውቁትም። አንድ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የወንጀል ልብ ወለድ ትቶላቸው ኖሮ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘውት መጡ።

«አንቺ ፊደሉን ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ይህን ነጋዴ ማን እንደገደለው ንገሪኝ።»

ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚሉት፤ ባለሥልጣንም ቢሆን። ንቀት እንዳልሆነ ለማወቅ ጥቂት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከመሠረተ ትምህርት ተነስቼ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።»

«ገዳዩስ ስንተኛ ክፍል ነው?»

መጽሐፉን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ የቡና ነጋዴ በገዛ መጋዘኑ ውስጥ በሚዛን ብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የሚጠረጠሩት ወንድሙ፣ ገንዘብ ያዡና ሾፌሩ ናቸው። ጋሼ ገና በሁለተኛው ቀን ፈረዱ። «ገንዘብ ያዡ ነው። ማንም ሳያስቀው ይስቃል።»

በማግስቱ ሚስታቸው የራሷን መጽሐፍ ይዛ መጣች። የወንጌል አማኝ ናት፤ መጽሐፉን የሰጣት ለስብከት የመጣ እንግዳ ነው። ስለ አንድ ሰካራም ንስሐ ይናገራል። «የሱ የግድያ ወሬ ሲነበብ የኔ የእግዚአብሔር ቃል ለምን ይዘጋል?» አለች። እውነት አላት። በአራተኛው ቀን ግቢዬ ተከራይታ የምትኖረው ነርስ፣ ከደጋ ተመድባ የመጣች ልጅ፣ የፍቅር ልብ ወለዷን አመጣች። ያኔ ሕግ አወጣሁ። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ፣ በየተራ። አንባቢዋም ድርሻ ስለሚገባት ከግብርና ቢሮ ያገኘሁትን የዶሮ እርባታ መመሪያ አራተኛ አድርጌ አስገባሁ።

ጋሼ ወደ ቅርንጫፉ ቀና ብለው አዩ። «ይህም ዛፍ ክልል ሆነ» አሉ።

አነባበቤ ፈጣን አይደለም። ነገር ግን የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ፣ የገጹን ቁጥር ጭምር። ነርሷ ከእኔ ትፈጥናለች፤ አንድ ቀን ብናስነብባት ግን የነጋዴውን ቀብር ዘልላ አለፈች። «ያሳዝናላ» አለች። ቀብር የሚዘል ሰው በሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ አይታመንም። መጽሐፉን ተቀበልኳት።

አስተያየት መስጠት ለሁሉም ተፈቅዷል፣ ገጹን ተቀምጦ ለሰማ ሰው። ሰካራሙ በየገጹ ንስሐ ሊገባ ይነሳል፣ በየገጹ መጨረሻ ላይ ግን ጠጅ ቤቱ በመንገዱ ላይ ነው። ጋሼ በዚህ ሰው ተሰላቹ።

«ዛሬ ቢመለስ መጽሐፉ ስለሚያልቅ ነው የማይመለሰው» አሉ።

«አንተ ስንት ዓመት ፈጀብህ?» አለች ሚስታቸው። እሳቸው ወደ ወንዙ ማየት ጀመሩ።

የነርሷ መጽሐፍ የአንዲት ተማሪና የአንድ ሐኪም ፍቅር ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ይለያያሉ፣ ደግሞ ይዘንባል። ነርሷ በየተራዋ ታለቅሳለች። የጋሼ ሚስት ግን አንድ ነገር አልገባትም።

«የልጅቱ አባት የት ነው? ድሙዩስ ተሰጥቷል?» ድሙይ አኙዋዎች ለሙሽራ ቤተሰብ የሚሰጡት ጥንታዊ ሰማያዊ ዶቃ ነው።

«ፍቅር እኮ ነው፣ እናቴ። አዲስ አበባ ዶቃ የለም።»

«እንግዲያው የምታለቅሰው ለዚህ ነው።»

ጋሼ ደግሞ በሐኪሙ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ነበራቸው። «ይህ ዶክተር ነጋዴው የሞተ ቀን የት ነበር?»

«ጋሼ! እሱ የኔ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው!»

«እኮ። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የት ይገኛል?»

የኔን መጽሐፍ ማንም አላመሰገነውም። እኔ እስከ ዛሬ እንደማስበው ከአራቱ ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው። ዶሮ ይህን ብትበላ ይህን ትሆናለች ይላል፣ ትሆናለችም። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የዶሮ ቤቱን ወለል በሲሚንቶ ሥሩ ይላል፣ ሲሚንቶውን ማን እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። ጸሐፊው ደመወዝተኛ መሆን አለበት።

እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ። ጋሼ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ነበራቸው። ነርሷ ስትለምናቸው ከርማ በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ አዲስ አበባ ሄደው ይቀደዱ ተባለ። ወረፋ ጠበቁ። ከዚያ አንድ ቀን ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ቦታ እንደተገኘና ነገ ጠዋት በአውሮፕላን እንደሚሄዱ ነገረችን። ዝናቡ ሜዳውን ካበላሸው አውሮፕላኑ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ስለዚህ ነገ ማለት ነገ ነው።

ጋሼ ዱካቸው ላይ፣ አጭሯ በርጩማቸው ላይ፣ ተቀመጡ። ስለ ቢላዋው አልጠየቁም፣ ስለ አውሮፕላኑም አልጠየቁም።

«ዛሬ የኔን እስከ መጨረሻ አንብቢ» አሉኝ። «ሳላውቅ አልሄድም።»

«ተራ አለ ጋሼ። ዛሬ የሚደርስዎት አንድ ገጽ ነው።»

«እትዬ!» አለች ነርሷ። «ሰውየው እኮ ሊቀደዱ ነው!»

«ለታመመ ሰው ሕግ ካጠፋሁ ነገ ራሱን ያመመው ሁሉ ሁለት ገጽ ይጠይቀኛል።»

ዛሬም ቢሆን እንዲሁ እል ነበር። ሕግ የሚፈተነው ልብ በሚራራበት ቀን ነው፤ በሌላው ቀንማ ማንም ያከብረዋል። ነገር ግን መጽሐፉን ገልጬ የቀሩትን ገጾች በአውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ እንደቆጠርኳቸው አልክድም።

የጋሼ ሚስት ነጠላዋን አስተካከለች። «ተራው የኔ ከሆነ ለማን እንደምሰጠው አዛዧ ማናት?»

«አንቺ።»

«መጽሐፉ እስኪያልቅ የሚደርሰኝን ሁሉ ለሱ ሰጥቻለሁ።»

«እኔም የኔን ሰጥቻለሁ» አለች ነርሷ። «ሐኪሙ ሆዳቸውን ሲከፍት ገንዘብ ያዡን እዚያ እንዳያገኘው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዶሮዎቼ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢጾሙ አይሞቱም። ነገር ግን ስጦታና ብድር አንድ እንዳልሆነ ማሳወቅ ነበረብኝ። «እኔም አበድሬአለሁ» አልኩ። «ብድር ነው እንግዲህ። ሲመለሱ ለያንዳንዳችን ገጽ በገጽ ይመልሳሉ፤ እስኪያልቅ የራስዎ ተራ የለም።»

«ባልመለስስ?»

ይህን የተናገሩት እንደ ዋዛ ነው። የሳቀ ግን አልነበረም።

«ዕዳው ወደ ሚስትዎ ይዞራል።»

«እኔ አልከፍልም» አለች ሚስታቸው፣ ፊቷን ሳታዞር። «የበላው እሱ ነው። ራሱ መጥቶ ይከፍላል።»

አነበብኩ። የገጹን ቁጥር አልዘለልኩም፣ ሾፌሩ ያለ ምክንያት የሚራቀቅበትንም ምዕራፍ አልዘለልኩም። ማንጎው ሥር ብርሃኑ ሲደክም ገዳዩ ታወቀ። ወንድሙ ነበር።

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ዘጉት።

«ደራሲው ተሳስቷል» አሉና ተነስተው ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ሄዱ።

በማግስቱ እሳቸውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሄደው የሆስፒታሉ መኪና ባዶውን ተመለሰ። እኛም በሰዓታችን ተሰበሰብን። የሚስታቸውን ገጽ አነበብኩ፣ የነርሷን አነበብኩ፣ የዶሮዬን አነበብኩ። የጋሼ ተራ ሲደርስ መጽሐፋቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ ገጽ የሚወስደውን ያህል ዝም አልኩ።

«እትዬ፣ ይህን ተራ ለዕዳቸው ለምን አትይዢውም?» አለች ነርሷ። «አንድ ገጽ ይቀንስላቸዋል።»

«በሌለ ሰው ስም አይከፈልም።»

የጋሼ ሚስት በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ዝናብ ካልከለከለን በቀር በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። ማንጎው ላይ ወፎች ይጮሃሉ፣ እኛ ደግሞ በጋሼ ተራ አንድ ገጽ የሚያህል ዝም እንላለን። የአዲስ አበባ ወሬ አልፎ አልፎ በሆስፒታሉ በኩል ይደርሰናል፤ ተቀደዱ፣ ትኩሳት አላቸው፣ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ሚስታቸው ወሬውን ትሰማና «ቀጥይ» ትለኛለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጡ። ሸሚዛቸው የሌላ ሰው ይመስላል። እንኳን ደህና መጡ አልናቸው፣ ዱካውን ሰጠናቸው። ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀመጠችና «ዕዳህን» አለች። ሌላ ነገር ስትል አልሰማሁም። ከዱካው እስኪነሱ ድረስ ግን እጅጌያቸውን ይዛ ነበር።

ከፈሉ። ስንት ሳምንት የሰካራሙን፣ የተማሪዋንና የዶሮውን ሲሰሙ ቆዩ፤ ስለ ራሳቸው መጽሐፍ ትንፍሽ አላሉም። ሰካራሙ በመጨረሻ ንስሐ ሲገባ «እኔ ከሱ ቀድሜአለሁ» አሉ። የኔ መጽሐፍ ውስጥ ዶሮዎች በድንገት የሚያልቁበት ምዕራፍ ሲደርስ ደግሞ ጣታቸውን አነሱ።

«አዲሱ አውራ ዶሮ ነው። ከውጭ ይዞባቸው ገባ።»

ከሁለት ገጽ በኋላ መመሪያው አዲስ ዶሮ ለብቻው ተለይቶ ይቆይ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዶሮ እርባታ ክፉ አልተናገሩም።

ዕዳው ያለቀ ዕለት «ተራው የርስዎ ነው» አልኳቸው። «ግን መጽሐፍዎ አልቋል። ምን ይነበብ?»

«ያው ይነበብ። ከመጀመሪያው።»

«ገዳዩን እኮ ያውቁታል ጋሼ» አለች ነርሷ።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «እዚያ ተኝቼ አሰብኩበት። ወንድምየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮን ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን የሚስቀውን ሳይ አላየሁትም። አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ሲዋሽ ልየው።»

ሚስታቸው ዱካዋን አስጠጋች። እኔም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ ቁጥሩን አነበብኩ።