ሃያ ሁለቱ ሰማያዊ ደብተሮች

«መፈክር ላይ ሰው ይተኛበታል ነው የምትይኝ?»

«ያረጀውን ነው ያልኩት ጋሽ ታፈሰ። አዲሱን ማን ጠየቀዎት?»

«ያረጀ መፈክርም መፈክር ነው። ‹ይውደም› የሚል ጨርቅ አንጥፈሽ ስትጋደሚ ካድሬው ቢያይሽ ምን ልትይ ነው? እንቅልፍ ወሰደኝ?»

«ገልብጠን እናነጥፈዋለን። ፊደሉ ወደ መሬት፣ እኛ ወደ ሰማይ።»

«እሱማ ይባስ! መፈክሩን አፈር አስጋጠችው ይሉሻል።»

የቅጥር ወረቀቴን ይዤ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜያለሁ። ማንም አላየኝም። የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር፤ ዕድሜዬም አሥራ ዘጠኝ።

ቦታው ላፍቶ መውጫ ላይ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ከአጥሩ ወዲያ እስከ ጀሞ ድረስ የጤፍ ማሳ ነበር። ጋሽ ታፈሰ የመፈክርና የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ክፍሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውና እኔ ሆንን። ሴትዮዋ የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ሲስተር አልማዝ ናት።

«አንተስ ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ተቀጥሬ ነው።»

«ምን ትችላለህ?»

«ግጥም እጽፋለሁ።»

ሲስተር አልማዝ ሳቀች። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም። «እዚህ ቃሉ ከበላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። የኛ ሥራ ፊደሉን ማስፋት ነው» አሉኝ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ መደርደሪያው እያመለከቱ፣ «በል ያንን ጥቅል አውርድላት። ከታች ያለውን፣ የአምናውን» አሉ። ክርክሩ በዚህ አለቀ። እሷ ጥቅሉን በትከሻዋ ይዛ ስትወጣ በሩን ለመዝጋት ሞከርኩ። የብረት በሩ ጠምሞ ስለነበር አልዘጋም አለኝ። «ተወው፤ እሱን የዘጋ ሰው የለም» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ የሥራ ትዝታ መጻፌ የሚያስቃቸው አሉ። ሙያው ግን ከኔ ቀድሞ ሞቷል። ዛሬ ሳሪስ ላይ የሱቅ ስም የሚጽፉ ልጆች አቡጀዲ እንዴት እንደሚወጠር ሲጠይቁኝ፣ የማስታውሰውን ከመርሳቴ በፊት ልጻፍላቸው ብዬ ነው።

አቡጀዲው እንደ ከበሮ እስኪጮህ በችንካር ይወጠራል። ክር በጠመኔ ታሽቶ፣ በሁለት ሰው ተወጥሮ ጨርቁ ላይ ተስቦ ይለቀቃል፤ መስመሩ እሱ ነው። ቀዩ የቀለም ዱቄት በሙቅ ሙጫ ይበጠበጣል። ሙጫው ከቀጠነ ፊደሉ በዝናብ ይሄዳል። ጠፍጣፋው ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ይህን በሁለት ሳምንት ለመድኩ።

የእጅ ጽሑፍ ማንበብን ግን ለመማር ዓመት ፈጀብኝ። ጋሽ ታፈሰ ከየክፍሉ የሚመጣውን የትእዛዝ ወረቀት እያሳዩ «ማን ጻፈው?» ይሉኛል። ስሙን አይደለም የሚፈልጉት። ቸኩሎ ነው? ግራኝ ነው? በቄስ ትምህርት ቤት ነው ወይስ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው የተማረው? «ሰው ሲራመድ ከሩቅ ትለየው የለም? ፊደልም እንደዚያ ይራመዳል» ይሉ ነበር። ከዚያም ያንኑ ወረቀት፣ በዚያው ሰው እጅ አስመስዬ እንድገለብጠው ያደርጉኛል። የራሴ ፊደል እንዲታዘዘኝ ነበር። ለሌላ ነገር ይጠቅማል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የሲስተር አልማዝ ጉዳይ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዎች ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ስለሚውሉ ክሊኒኩን የሚሞላው የወገብ ሕመምተኛ ነበር። እሷ ተማሪ ሳለች የሳይንስ አስተማሪዋ ሕንዳዊ ነበር፤ ሚስቱ ዮጋ አስተምራታለች። ለፋብሪካው ስትጠይቅ ግን ዮጋ አላለችም፤ «የአተነፋፈስ ጂምናስቲክ» ብላ ጻፈች። ወገቡ የዳነ ሠራተኛ ምርቱ ይጨምራል አለች። ሁለት ዓመት ተመላልሳ፣ ጨርቁን በወሰደች በዓመቱ ፈቃድ አገኘች፤ ሃያ ሁለት ሠራተኞች ለአሥር ቀን ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ ባለጸጋ በተወረሰ ቪላ ውስጥ እንዲያርፉ ተፈቀደ። ጠዋት ዮጋ፣ ከምሳ በፊት ሥዕል፣ ከሰዓት ደብተር መጻፍ። ለሥዕሉ ጋሽ ታፈሰና እኔ ተመደብን።

በመጀመሪያው ጠዋት ሣሩ ጤዛ ነበረው። ጨርቁን ፊደሉን ወደ ታች አድርገን አነጠፍን፣ ተጋደምን፣ ተነፈስን። ስንነሳ ቀዩ ቀለም በአቡጀዲው አልፎ ነጭ ካናቴራችን ላይ ታትሟል። የስፌት መኪና ሜካኒኩ ጀርባ ላይ «ይውደም» የሚል ቁልጭ ብሎ ተጻፈ። ሰውዬው ምን ሆኖ እንደሚሳቅበት ሳይገባው ቁርሱን ጨረሰ። ጋሽ ታፈሰ እኔን ወደ ጎን ጠርተው፣ «ያ ሙጫ ቀጥኖ ነበር፤ አየህ?» አሉኝ።

መጨረሻ ላይ በጀርባ ተጋድሞ ዝም የሚባልበት ሰዓት አለ። ሕንዷ «የሬሳ አተኛኝ» ትለው እንደነበር ሲስተር አልማዝ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። በዚያ ሰሞን ይህን ስም ለሠራተኛ መናገር አይቻልም፤ ስንቱ ቤት የልጁን ሬሳ እንኳ ያላገኘ ነበር። «ማረፊያ» አለችው። አንዳንዶቹ በማረፊያው ሰዓት ያለቅሱ ነበር።

የሥዕሉ ሰዓት ሳቅ ነበር። የሸሚዝ ማሸጊያ ካርቶን አደልናቸው፤ ሐይቁን ሣሉ ተባሉ። ኮሌታ ሰፊዎቹ ሐይቁን በኮሌታ ቅርጽ ሣሉት፣ ዙሪያውን በስፌት መስመር ቀመቀሙት።

ከዚያ ደብተሩ። ሠራተኛ ማኅበሩ ሃያ ሁለት ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ ነበር። ሲስተር አልማዝ ለኔ ከራሷ አንድ ተመሳሳይ ጨመረችልኝ። «ያመማችሁን፣ ያለማችሁትን፣ የናፈቃችሁትን ጻፉ። ማንም አያነበውም። ቃሌ ነው» አለች። ማታ ማታ ደብተሮቹን ሰብስቦ በሳጥን የማስቀመጥ ሥራ የኔ ነበር።

አነበብኳቸው። ግጥም ፍለጋ ነበር፤ ሰበብ አይሆንም። ያገኘሁት ግን ግጥም አይደለም። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ራስን መንቀፍ፣ ግለ ሂስ፣ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ስለራሳችሁ ጻፉ ሲባሉ ሁሉም ግለ ሂስ ጻፉ። «ከሥራ ሰዓት አረፍዳለሁ፤ አርማለሁ።» «ክር አባክናለሁ፤ አርማለሁ።» ሜካኒኩ፣ «የሚስቴን ወንድም አልወደውም፤ አርማለሁ» ብሎ፣ ዝቅ ብሎ «ለማረም ያስቸግራል» ብሏል።

የእትዬ ማርታ ብቻ የተለየ ነበር። እትዬ ማርታ ከወላይታ የመጣች ኮሌታ ሰፊ ናት፤ መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ደብተሯ ውስጥ ሰባት ስም ነበር፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ልመና። የዚህኛዋ ልጅ ይዳን፤ የዚያኛው ወንድም ከእስር ይውጣ። ከገጹ አናት ላይ «ሐሙስ፣ እኔ ቤት» ይላል። ጴንጤዎች ተደብቀው የሚጸልዩበት ዘመን ነው። የተያዘ ይታሰራል። ደብተሩን ዘግቼ ከሳጥኑ ሥር ከተትኩት። ማንም አያነበውም ተብላ የጻፈችው፣ ቃሉን አምና ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ጓድ መርሻ፣ የፋብሪካው ካድሬ፣ ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ ደብተሮቹን ቆጥሮ ይወስዳል።

«የግል ናቸው እኮ፤ ቃል ገብቻለሁ» ስትል ሰማኋት ሲስተር አልማዝን። ከወዲያ የተባለውን አልሰማሁም። ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «‹ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ምን ጉዳይ አለ?› አለኝ» አለች።

እትዬ ማርታ ከሌሎቹ ጋር ሐይቁ ዳር እየሣለች ነበር። ሄጄ ልንገራት? አንብቤዋለሁ ማለት ነው። አፈርኩ። አንዱን መደበቅም አይሆንም፤ ይቆጠራል። የኔ ደብተር ግን ከሃያ ሁለቱ ውስጥ አልነበረም። ወደ ቪላው ጋራዥ ገባሁ፤ ግጥሞቼ ያሉባቸውን ገጾች ቀደድኩ። አላዘንኩም፤ ደካማ ግጥሞች ነበሩ። ሽፋኑ ላይ ስሟን ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሯን ጎኔ ዘርግቼ፣ በሷ እጅ ግለ ሂስ መጻፍ ጀመርኩ። ምን እንደምል ስላላወቅሁ ከሌሎቹ የበዛውን ወሰድኩ። «በሳምንት ሦስት ቀን አረፍዳለሁ፤ አርማለሁ።»

ሁለት ገጽ ጽፌ ቀና ስል ጋሽ ታፈሰ ከኋላዬ ቆመዋል። የሷን ደብተር አዩ። የኔን አዩ። ሰባቱን ስም እስኪጨርሱ ድረስ ዓይናቸው ሲሄድ አየሁት።

«‹ተ›ን ስትጽፍ አግዳሚው ወደ ቀኝ ይወድቅባታል» አሉኝ። «አንተ ቀጥ አድርገኸዋል። ደግሞ እርሳሱን ጫን በል፤ ካደገ በኋላ መጻፍ የተማረ ሰው ወረቀቱን ይወጋዋል።»

ከዚያ ወጥተው ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የሚመጣ ሲኖር «እባክህ፣ ቀለም ፈሷል፤ አትግባ» ሲሉ እሰማለሁ።

ጓድ መርሻ መጣ፤ ሃያ ሁለት ቆጠረ፤ እዚያው ቆሞ ገለጥ ገለጥ አደረገ። ፊቱ በራ። «ያለ ስብሰባ፣ ያለ አስገዳጅ ሁሉም ግለ ሂስ አድርጓል! ጓዲት አልማዝ፣ ይህ የአተነፋፈስ ነገር ንቃት ይሰጣል ማለት ነው» አላት። ሲስተር አልማዝ ጉሮሮዋን ጠረገች። የእትዬ ማርታ እውነተኛ ደብተር በዚያ ሰዓት በጋሽ ታፈሰ ሸሚዝ ሥር ነበር።

ዳንን ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አጠቃላይ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ መርሻ ምሳሌ የሚሆኑ ግለ ሂሶችን እያነበበ ነው። «ጓዲት ማርታ፦ በሳምንት ሦስት ቀን አረፍዳለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኮሌታ ክፍሉ ካቦ፣ «ኧረ ጓድ! ዘበኛውን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት!» አለ።

ጓድ መርሻ አልሳቀም። «ጓዲት ማርታ፣ ተነሺ። ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ተነሳች። አልጻፍኩም ካለች፣ ማን ጻፈው ይመጣል፤ የራስሽስ የት ሄደ ይከተላል፤ ሰባቱም ስም ይወጣል። ወደ ሲስተር አልማዝ አየች። ከዚያ አዳራሹን በዓይኗ ስትዞር ደብተር ሰብሳቢው እኔ ላይ ደረሰች። እጄ እስከ አንጓው ቀይ ቀለም ነበር። ራሴን ዝቅ አደረግኩ።

«አርማለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ስብሰባው እንዳለቀ መጋዘኑ መጣች። ጋሽ ታፈሰ ከአቡጀዲው ጥቅል ውስጥ ደብተሯን አውጥተው ለኔ ሰጡኝ፤ እኔ ለሷ ሰጠኋት። ገጾቹን ቆጠረች።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም» አለችኝ።

«አላወቅሁም ነበር እትዬ ማርታ።»

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ‹በስፌት ጊዜ አንጎራጉራለሁ› ብለህ ትጽፍልኝ ነበር። እሱ እውነት ነው።»

«አፍሬ ነው።»

«ማንበብስ አላሳፈረህም?»

ጋሽ ታፈሰ ብሩሻቸውን ያጥባሉ።

ደብተሩን ነጠላዋ ሥር ከተተችው። «ሁለተኛ የሰው ደብተር አታንብብ» አለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ሐሙስ የምንጸልይለት ስምንተኛ ስም አለን። ያንተ ነው። እንዳትመጣ፤ ስምህ ብቻ ይበቃል» አለች።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት መፈክር ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ የማስታውሰው አንድ መስመር የለም። ከሙያው የያዝኩት ይህን ነው፦ በሰው እጅ ከመጻፍህ በፊት ሰውየውን ጠይቅ።

እትዬ ማርታ ወጣች። የጠመመውን የብረት በር በሁለት እጇ ከሥሩ ብድግ አድርጋ ሳበችው፤ ተዘጋ።