ዋልካ ላይ የተተከለ ብረት

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ተበላሸ ከተባለ የሚጠራው መሐመድዘይን ነው። አባቱም አያቱም ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ሱቁን ለሚስቱ ለሸሪፋ ትቶ ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ሲታገል ኖረ። የኩሽኔታ መቀመጫ በተበላ ቁጥር በሞረድ እየሞረደ፣ በዓይኑ እየለካ ያስተካክላል። የብየዳ ብርሃን ያንን ዓይን ሲጠብሰው ከረመና አንድ ቀን ባሕር ዳር ያሉ ሐኪም፣ «ከሦስት ዓመት በላይ አያገለግልህም» ብለው ቁርጡን ነገሩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሱ ቤቱ ገብቶ ወረቀት ዘረጋ። ዓይኑ ሳይጠፋ፣ ዓይን የማይፈልግ ማሽን ሊሠራ ነው፤ ብረት የሚጠርብ ፍሬዛ። ሁለት ወፍራም እግሮች፣ በላያቸው የተጋደመ ብረት፣ በብረቱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ መቁረጫ። መዘወሪያው በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ አንድ ቀጭታ የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ማሽኑ ልክ ከሆነ ቀጭታውን እየቆጠረ ታውሮም እንጀራውን ይበላል። ካልሆነ ግን የሸሪፋን እጅ ሲያይ፣ ያውም ማየት ከቻለ፣ መኖሩ ነው።

ቀላል ማሽን ሲቆርጥ ስለሚንቀጠቀጥ እግሮቹን ከጭነት መኪና ሻንሲ ሠራቸው፤ ሆዳቸውንም በአሸዋና በሲሚንቶ ሞላ። አሁንም አላመነውም። በጓሮ ክፍሉ ወለል ላይ ወገቡ ድረስ የሚውጡ ሁለት ጉድጓዶች ቆፍሮ እግሮቹን ተከለና አርማታ ሞላባቸው። የላይኛውን ብረት በየደባቸው። ከዚያ ጠፍጣፋ መስታወት ቀለም እየቀባ፣ መቁረጫው በሚሄድባቸው መንሸራተቻዎች ላይ እያሳረፈ፣ ቀለሙ የነካውን ጉብ ያለ ነጥብ እየፋቀ ከመስከረም እስከ ግንቦት ቆየ። የቀረውን ብርሃን እዚያ ላይ ጨረሰው ቢባል ይሻላል።

«ከእንግዲህ መሬት ራሷ ካልተነቃነቀች በቀር አይነቃነቅም!» ብሎ ለሸሪፋ ፎከረ።

የፎገራ ሜዳ ልጅ ሆኖ እንዲህ ይላል? በየመስከረሙ የሱቁን ግድግዳ ስንጥቅ የሚደፍነው ማን ሆነና! ግን ስንጥቅ መድፈን ለወረታ ሰው ቤት እንደ መጥረግ ነው። እየደፈነ ይኖራል እንጂ ለምን ተሰነጠቀ ብሎ ራሱን አያስጨንቅም። ግንቦት ላይ መለኪያውን ጌጅ መቁረጫው ጎን አስሮ ከዳር እስከ ዳር ሲያስኬደው መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። መሐመድዘይን እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ነሐሴ ላይ፣ አያ ደረሰ የሚባሉ ሽማግሌ፣ በሜዳው ላይ ሩዝ የሚያመርቱና አንዲት መፈልፈያ ያላቸው፣ የተበላ የኩሽኔታ መቀመጫ ይዘው መጡ። መሐመድዘይን ዓይኑን ጨፍኖ ቀጭታውን እየቆጠረ ጠረበላቸው። ኩሽኔታው ግን አልገባም። መቀመጫው ጠምሞ ተበላሽቷል። ጌጁን አስሮ ሸሪፋን ቢያስነብብ መርፌው ሠላሳ መስመር ሄደ። ጌጁን ጠረጠረ፤ ብሎኑን ጠረጠረ፤ ራሱንም ጠረጠረ። ሦስት ቀን ፈታ፣ ገጠመ። በሦስተኛው ቀን አያ ደረሰ እቃቸውን ሊወስዱ መጥተው ወለሉን አዩ።

«ይኸን እግር ምን ላይ ነው የተከልኸው?»

«አርማታ ላይ ነው፣ አያ ደረሰ። ወገቤ ድረስ ቆፍሬ።»

«አርማታውስ?»

መሐመድዘይን ጎንበስ ብሎ እጁን ወለሉ ላይ አሳረፈ።

«ዋልካ እኮ ነው፣ ልጄ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እኔ ጎተራዬን እንኳ ድንጋይ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ መሬቱ እንዳሻው ይሁን ብዬ። አንተ ይኸን ሁሉ ብረት ከሱ ጋር አሰርኸው?»

አንድ እግር ከሌላው ይበልጥ ከፍ ብሎ ነበር። ማሽኑ መሬት ሳይነክስ፣ በራሱ ወፍራም መቀመጫ ላይ እንደ አንድ አካል ተጋጥሞ፣ እንደ ጎተራው ተቀምጦ ቢሆን ምንም ባልሆነ። ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ንድፉ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየው። አሁን ግን እግሩ ቢቆረጥ ብረቱ ይጣመማል፤ መንሸራተቻው እንደገና መፋቅ አለበት። ቀለሙ የነካውን ነጥብ ደግሞ ማየት ካቆመ ወር አልፎታል። አያ ደረሰ የተበላሸ እቃቸውን ይዘው «አይዞህ» ብለውት ሄዱ። ቢሰድቡት በወደደ።

የቀረችው ተስፋ አንዲት ነበረች፤ መሬቱ ሲደርቅ እግሩ ወደ ቦታው ይመለስ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ሸሪፋ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ጌጁን ታነብለታለች። «ሃያ።» «አሥራ ስምንት።» ኅዳር ላይ እግሩ ከድሮ ቦታውም ወርዶ መርፌዋ ዜሮን አልፋ ወደ ሌላው ጎን ሄደች። «አምስት።» «አሥራ አንድ።» ከዚያ በኋላ ምግብ ዘጋው፤ ከክፍሉም አልወጣ አለ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት ሸሪፋ መርፌዋን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻት። እሱ ከግራው እግር አጠገብ ተንበርክኮ ወለሉን ይዳብሳል። አርማታው ከመሬቱ ተላቅቆ ስንጥቁ ሌባ ጣቱን እስከ ሥሩ ውጦታል።

«ስንት አለች?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ዋሽታው የማታውቀው ሸሪፋ፣ «ዜሮ ላይ ናት» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ» አላት፣ ጣቱን ሳያወጣ። «በይ ሂጂ፣ ሱቁን ክፈቺ።»