የፍሬን መብራት ጠባቂዋ

ሹፌር የማያየው ነገር ቢኖር የራሱን ጀርባ ነው። ፊት ለፊቱን ያያል፣ በስፖኪዮው ጎንና ጎኑን ያያል፣ ልጆች የጫነ እንደሆነ ደግሞ ከኋላ ወንበር ማን ማንን እንደቆነጠጠ ሳይቀር ያያል። ፍሬን ሲረግጥ ግን መብራቱ ይብራ አይብራ የሚያውቀው ከኋላው የሚመጣው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ መብራቱ አለመብራቱን የሚነግረው ገጭቶት ነው።

አባ ቀስታ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ስሙን ያወጡለት በሚኒባሱ የሚያመላልሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ገና ፊደል ሲቆጥሩ የተሳፈሩት ዛሬ በቁመት በልጠውት እንኳ አባ ቀስታ ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። ብስክሌት ቢያልፈው ቅር አይለውም። «ቀድሞ የደረሰ የትምህርት ቤቱን ደወል አይደውለው» ይልና በዚያው አካሄዱ ይቀጥላል። ሚኒባሷን በየማለዳው ሲወለውላት የምታየው ሚስቱ «ለእኔም ግማሹን እንኳ ብትጨነቅልኝ ምን ነበረበት» ትለዋለች።

ወሬውን የሰማው በሬዲዮ ነው። መኪናዋን የሠራው ኩባንያ የዚያን ሞዴል መኪናዎች በሙሉ ለጥገና ጠራ። ፍሬን ሲረገጥ የኋላውን መብራት የሚያበራው ማብሪያ ሲያሰኘው የሚሠራ፣ ሲያሰኘው የሚተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ባለመኪናዎች ወደ ኩባንያው ጋራዥ ቀርበው ያስለውጡ ተባለ። አባ ቀስታም ኮቱን ለብሶ ሄደ።

«አባት፣ መኪናዎ ከተጠሩት ውስጥ ናት» አለችው እንግዳ ተቀባይዋ፣ ኮምፒውተሯን አይታ።

«እሱንማ ሰምቼ ነው የመጣሁት፣ የኔ ልጅ። ለውጡልኛ።»

«መለዋወጫው ገና አልገባም። ሲገባ እንደውልልዎታለን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ በጥንቃቄ ይንዱ።»

«እኔማ ስጠነቀቅ ነው የኖርኩት። ከኋላዬ የሚመጣው በምን ይጠንቀቅ?»

ልጅቷ ደህና ልጅ ስለሆነች ውሃ ቀዳችለት፣ ጠጥቶ ወጣ። ሰውን ኑ ብሎ ጠርቶ እቃ የለኝም ማለት ምን ይሉታል? አለመጥራት ይሻል ነበር። ቢያንስ ሳያውቅ በሰላም ይነዳ ነበር።

የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድም ሄዷል። ሰውየው ከመሪው ሥር ገብቶ አየና «ይሄ ከኮምፒውተሩ ጋር የታሰረ ነው። ነካክቼው ሞተሩም እምቢ ቢልህ የለሁበትም» ብሎ እጁን ጠራርጎ ወጣ። አቆማታለሁ እንዳይል የተማሪዎቹ እናቶች አሉ። ከእነሱ አንዷን፣ ነርስ የሆነችውን፣ ደውሎ ሊያማክራት ቢሞክር «ልጄን ካንተ ሌላ ለማን አምኜ እሰጣለሁ?» አለችው። ለዚህ ምን አፍ ይገኛል?

ነገሩ በመጨረሻ የወደቀው ሚስቱ ላይ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ነበረች ማለት ይሻላል። የተቀደደ ሸሚዝ ስትጠግን የቱ ጋ ተቀዶ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ አያገኘውም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ጥግ አስይዛዋለች። «ሰለቸኝ፣ ደግሞ ሌላው ይስፋ» ትላለች። አልፎ አልፎ ቁልፍ ስትተክል ክሩን በመርፌው የሚያሾልክላት እሱ ነው። እጄን ያንቀጠቅጠኛል ስለምትለው።

እውነቱን ለመናገር ፔዳሉን በመጥረጊያ እንጨት አስደግፎ፣ ዞሮ፣ ራሱ ማየት ይችል ነበር። የመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ሊያደርግ ሲል መጥረጊያውን ከእጁ ነጠቀችው።

«እኔ ቁጭ ብዬ በእንጨት? ሰው ቢያይ ምን ይላል? አንተ ርገጥ፣ እኔ አይልሃለሁ።»

በዚያው ልማድ ሆነ። ማለዳ የግቢው በር ሲከፈት ሹራቧን ደርባ ከሚኒባሷ ኋላ ትቆማለች። እሱ ይረግጣል፣ ያረጀው ፔዳል ሲጥ ይላል።

«በራ» ትላለች።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። በል ሂድ አሁን፣ እንደ ሙሽራ እየተጎተትክ ልጆቹን እንዳታስረፍድ።»

ቀኑን ሙሉ ያቺን «በራ» ይዞ ይውላል። ለነገሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከኋላ ለሚመጣው ያውለበልባል። ዝናብ እጅጌውን እስከ ብብቱ ያበሰብሰዋል፣ ልጆቹም «አባ ቀስታ ማንን ነው ቻው የሚለው?» እያሉ ይሳሳቃሉ። ያም ሆኖ ልቡ ያን ያህል አይሸበርም። አየሁ ካለች አይታለች፣ በቃ።

ጋራዡ ሳይደውል ሲቀር ራሱ ተመልሶ ሄደ። እቃው አልገባም። እንግዳ ተቀባይዋ ገና ስታየው አንገቷን ደፋች። በዚያ የነበረ አንድ መካኒክ የሰውየው ሁኔታ አሳዝኖት መሰለኝ «ባዶዎን ከሚመለሱ» ብሎ ጎንበስ አለና ሲጥ የሚለውን ፔዳል ግራሶ ቀባለት። ድምፁ ጠፋ። አባ ቀስታ አመስግኖ ወጣ፣ ሌላ ምን ያድርግ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ከኋላ ቆመች፣ እሱ ረገጠ። ፔዳሉ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች።

«ምነው፣ አልበራም እንዴ?» አላት በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ርገጠው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ረግጫለሁ እኮ።»

ሹራቧን ሰብሰብ አደረገች። «አዎ፣ በራ፣ በራ» አለች።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ቁልፉን ሊያዞር የዘረጋው እጅ እዚያው ቀረ። አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት። ሊያባርረው ሞከረ፣ አልሄድ አለው። በትዳራቸው ዘመን ሚስቱን አንድ ቀን ፈትኗት አያውቅም። ሁለት እግሮቹን ከፔዳሎቹ ላይ አነሳና ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰባቸው።

«አሁንስ? ረገጥኩ» አላት።

«በራ» አለች ወዲያው። «ቦግ ብሏል።»

እግሮቹን እንደሰበሰበ ተቀመጠ። ለካ ስትሰማ የከረመችው ፔዳሉን ነው። ሲጥ ሲል በራ ትላለች፣ ሲጥ ሲል በራ። የስፌት መኪናው፣ መርፌው፣ መንገድ ላይ ሰላም ሳትላቸው ስላለፈች ኮርታብናለች ያሉት ጎረቤቶች፣ ደረጃ ስትወርድ በእግሯ ጫፍ የምትዳስሰው ነገር፣ ሁሉም ባንዴ መጡበት። እንኳን መንገዱን የኋላ ወንበሩንም አያለሁ ባዩ ሹፌር ይህን ሁሉ ሳያይ ከርሟል። ልጆቹስ? በነዚያ ጠዋቶች ሁሉ መብራቱ በርቶ ነበር? አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው። የኋላ ወንበር ላይ ግንባራቸውን መስታወት ላይ አስደግፈው የሚያንቀላፉት ትንንሾቹ ትዝ አሉት።

ተናደደ። ወርዶ ሊጮህባት፣ ምን አድርጌሽ ነው የደበቅሽኝ ሊላት ፈለገ። ግን ይህን ያህል ጊዜ የደበቀችው ለምን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። እናቷንም ዓይናቸውን እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። ያኔ ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው የሄዱት አብረው ነው። ሐኪሙ መብራት እያበራ መረመራቸውና ይህ የሚመለስ አይደለም ብሎ ሸኛቸው፣ አሮጊቷ ቀሪ ዘመናቸውን ሰው እጅ ይዞ ሲመራቸው ኖሩ። እሷ ስትመራቸው እጃቸውን እንዴት አድርጋ ትይዝ እንደነበር አይቷል። አሁን እሷን አታዪም ብሎ የሚጀምር ንግግር ከየት ይመጣል?

ወርዶ መጥረጊያውን አመጣ። እንጨቱን በወንበሩና በፔዳሉ መካከል አስደግፎ እስከ መጨረሻው አስረገጠና ዞሮ ከጎኗ ቆመ።

«ምነው ወረድክ?»

«በመጥረጊያ አስደግፌው ነው። አንድ ቀን እንኳ አብረን እንየው ብዬ።»

«አላመንከኝም ማለት ነው?»

«አንቺን? እንዴት ተደርጎ።»

ሁለቱም መብራቶች ጠፍተዋል። ማለዳ የወለወለው ቀይ ፕላስቲክ ጭል እንኳ አይልም። ማብሪያው ዛሬ መተኛት አሰኝቶታል። ሚስቱ በእጇ ዳብሳ ክርኑን አገኘችና ያዘችው። ፊቷን ያዞረችው ወደ መብራቶቹ አልነበረም፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ወደ አጥሩ ግንብ ነበር።

«አየህ?» አለችው። «አላልኩህም? ሁለቱም ቦግ ብለዋል።»

አያት። ድሮ የጨረሰችውን ልብስ ዘርግታ ስታሳየው እንደምትሆነው ሆና ነበር፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ምን ይል ይሆን ብላ እየጠበቀች።

«ቦግ ብለዋል» አላት።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት። ከሁሉ በፊት የሚያነሳው የእሷን ልጅ ነው፣ ልጁም ይኼኔ ቦርሳውን አዝሎ በር ላይ ቆሟል።

«ሂድ እንጂ፣ አስረፈድካቸው» አለች ሚስቱ፣ ክርኑን ገፋ አድርጋ።

«ጉልበቴን አሞኛል። ዛሬ አልወጣም።»

«መብራቱ በርቶልህ ትቀራለህ?»

«በርቶልኝ» አላት። ስልኩ አሁንም ይጮሃል፣ አንስቶ ለነርሷ ምን እንደሚላት አያውቅም፣ ሚስቱም ክርኑን እንደያዘች ናት።