መላጣው ጊታርና የኩርሙኩ ስልክ

ጊታሩን መላጣው ነበር የምንለው። ቤዝ ጊታር ነው፤ አራት ወፋፍራም ክር፣ ረጅም አንገት፣ ቡናማ ሆድ። ሌላው ጊታር አንገቱ ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳዩ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረውለታል። የኛው አንድም አልነበረውም፣ ልሙጥ እንጨት ብቻ። ከኔ በፊት የያዘው ሰውዬ ማሲንቆ መቺ ነበርና ብረቶቹ ጣቴን አሰሩት ብሎ በጉጠት ነቃቅሎ ጣላቸው አሉ። ቦታቸውን በሰም ደፈነው፣ ትንሽ ተጫወተበት፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ሹልክ ብሎ ጠፋ። መላጣውን ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነካው አልፈለገም፤ ጣት አንዲት ፍሬ ሰሊጥ ታህል ከቦታዋ ካለፈች ድምፁ ይጣመምና ሰው ይስቃል።

ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለሶሻሊዝም ብዬ እንዳይመስላችሁ! ለሙዚቃም ብዬ አልነበረም። እህቴን ፍለጋ ነው።

ከወሎ ወደ ሰፈራ ሲያመጡን፣ መኪና ላይ የሚጭነው ሰውዬ መሃላችን ገባና እሷን ወደ ፊተኛው፣ እኔን ወደ ኋለኛው ገፋን። "እህቴ ናት! ታናሼ ናት!" ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ። "እዚያው ትገናኛላችሁ" አለኝ። የት ነው እዚያው? አሶሳ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ሰፈራ ሆኗል። መንደሮቹ ስም እንኳ የላቸውም፣ አምባ እየተባሉ በቁጥር ነው የሚጠሩት። እህቴ ከአንዱ አምባ ትሁን፣ ጭራሽ ሌላ ክፍለ ሀገር ተወስዳ ትሁን፣ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሄጄ ልፈልግ ብል የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ሰውዬ ደግሞ ገና ከበሩ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ያለ ጣጣ ከአምባ አምባ የሚዞር አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኪነት። በየአምባው የሚዘፍንና የሚጨፍር የኪነት ቡድን ነበረ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ደግሞ ከሁሉም የተሻለው ተመርጦ አምባዎቹን ሁሉ በመኪና ይዞራል። ይቺን በሰማሁ ማግስት ኪነት ገባሁ።

መጀመሪያ ልዝፈን አልኩ። የቡድኑ መሪ ከወለጋ የመጣ መምህር ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እስኪዘጋ ድረስ መዝሙር ላይ ጊታር ሲመታ ያደገ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው። ድምፄን ሰማና አንገቱን አከከ። "ጓዲት፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ብታጨበጭቢ አይሻልም?" አለኝ። ኤዲያ! ማጨብጨብ ማን አቅቶት? ከጥግ አቧራ ለብሶ የቆመውን መላጣውን ብድግ አድርጌ ታቀፍኩት። አገር ቤት አጎቴ ማሲንቆ ይመታ ስለነበር፣ ጣት ያለ ምልክት ቦታዋን በጆሮ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። መምህሩ ሊስቅ አፉን ከፈተና እኔን አይቶ መልሶ ዘጋው።

ክረምቱን ሙሉ ቀን አረም ስነቅል እውልና ማታ ማታ እለማመዳለሁ። አምፕሊፋየሩ የሚሠራው ከወፍጮው ሞተር በሚመጣው መብራት ስለሆነ፣ ወፍጮው ሲያጓራ ነው እኛም የምናጓራው። መምህሩ እያሳየኝ፣ እኔ እየተነጫነጭኩ፣ ቀስ በቀስ ዘፈኖቹን ያዝኩ። አንድ ቀን "እሰይ!" አለኝ። እሱ እሰይ ሲል ብዙ ነው።

ክሩ የተበጠሰው ይሄኔ ነው። ዝጎ ስለነበር አንዱ ጧ አለ፣ ሌላውም ተከተለው፣ የቀሩትም ዝገት እየተፉ ድምፃቸው ሞተ። አሶሳ ከተማ አስጠየቅን፤ የስፌት ክር እንጂ የጊታር ክር ማን ያውቃል። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አምጥተን ወጠርን። አይ የኛ ነገር! ብረት በሌለው አንገት ላይ ክሩ እንጨቱን ራሱን ነው የሚረግጠው፤ የፍሬኑ ሽቦ እንጨቱን እንደ መጋዝ ገዘገዘው፣ ድምፁም የድመት ልቅሶ ሆነ። መምህሩ ሽቦውን ፈታና "ከአሶሳ ቡድን መራጩ ሹም ሳይመጡ ክር ካልተገኘ ያለ ቤዝ እንቀርባለን" አለ። ያለ ቤዝ ማለት ያለ እኔ ማለት ነው። ያለ እኔ ማለት ደግሞ እህቴ እዚያው ባለችበት ትቅር ማለት ነው።

የተበጠሰውን ክር ይዤ ወጣሁና ከማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ያየኛል አላልኩም፤ ቁጭት ነው፣ ይወጣል።

አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የሆሞሻ ነጋዴ ነው፣ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ፤ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ጨውና ሳሙና በአህያ እየጫነ ወደኛ ገበያ ይመጣል። ልምምዳችንን በመስኮት ቆሞ መስማት ይወዳል። አማርኛው ደህና ነው፣ ሴትና ወንድ ግን አይለይም፤ እኔን አንተ ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ሰሞን "ዓይንህ አያይም እንዴ?" ብዬ ጮኼበታለሁ፣ ኋላ ለምጄው አንቺ ቢለኝ የሚከፋኝ ሆንኩ።

"አንተ፣ ምን ሆንክ?" አለኝ።

ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እህቴን፣ መኪናውን፣ ኪነቱን፣ መራጩን። እሱ እጄ ላይ ያለውን ክር ያያል። ተናግሬ ሳበቃ ፈገግ አለ።

"አታልቅስ። ኩርሙክ ስልክ አለ። እኔ አመጣልሃለሁ።"

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። "ስልክ? እውነትህን ነው?"

"ወላሂ። ጥሩ ስልክ። ከሱዳን የመጣ።"

"ይደውላል?"

"ይደውላል እንጂ! ሰርግ ላይ ሰምቼዋለሁ። እስከ ሩቅ ይደውላል።"

ሰርግ ላይ ስልክ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። ሱዳኖች ሀብታም ናቸው አልኩና አለፍኩት። የእህቴን ስም ከነአባቷ፣ ከነቀበሌያችን ነገርኩት። ደጋግሜ አስጠናሁት። "እንዳትረሳ! ሲደውል ይሄን ነው የምትናገረው" አልኩት። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የእህቴን ስም በቀስታ ይደግማል። አይ የዋህነት፣ የሱም የኔም!

ሴቶቹ ጋ ሮጬ ሄድኩ። "ስልክ ሊደወልልኝ ነው" አልኩ። ለማንና ወዴት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ሁሉም እልል አለ። ከዚያ ወዲህ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ አረም ስነቅል ማሽላውን አብሬ እየነቀልኩ የእርሻ ቡድን መሪያችን ስትሰድበኝ ሰነበተች።

በገበያው ቀን ነጋዴው ከአህያው ላይ ጆንያ አወረደ፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ሁለት ጥቅል ሽቦ አወጣ።

"ስልኩ ይኸው!"

"የታለ?"

"ይኸው! ሁለት ነው። አንዱን ምረጥ።"

ለካ በነሱ አነጋገር ሽቦ ሁሉ ስልክ ነው፤ ከዓረብኛው የመጣ ቃል። የቤዝ ጊታር ክር ነው ያመጣልኝ፣ በየጥቅሉ አራት አራት። ሰውዬው ኩርሙክ ሰርግ ላይ ከሚጫወት የሱዳን ሙዚቀኛ ለምኖ ነው ያገኘው፣ አንዱን ስንመርጥ ሌላውን ሊመልስለት ቃል ገብቶ። እኔ ምኑን ልወቅ? እዚያው ገበያ መሃል ጮህኩበት። ስልክ ያልከኝ፣ ልትደውልልኝ ያልከኝ፣ እህቴን ያልከኝ የት አለ ብዬ ጥቅሎቹን መሬት ላይ ወረወርኳቸው። ሰው ተሰበሰበ። ነጋዴው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ ጥቅሎቹን ያያል። መምህሩ መጥቶ ነገሩን አዳምጦ ሲገባው፣ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ለሁለታችንም አስረዳን።

"ታዲያ የእህቴን ስም ስታጠና ምን መስሎህ ነው?" አልኩት።

"ዱዓ እንዳደርግልህ መስሎኝ ነው" አለ። "አደረግኩ። ኩርሙክ መስጊድ ገብቼ ስሟን ጠራሁ።"

ጥቅሎቹን ከአቧራው አነሳሁና በነጠላዬ ጠረግኳቸው። አይኔ ግን ቀኑን ሙሉ እንደቀላ ዋለ።

በማግስቱ ነጋዴው ሳይመለስ ሁለቱንም ሞከርናቸው። አንዱ ሻካራ ነው፤ ላዩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ክብ ስለሆነ ጥፍር ሲሄድበት ዝርር ይላል፣ አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ሌላው ልሙጥ ነው፤ የተጠመጠመበት ሽቦ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጣት ሳይሰማው ይንሸራተታል፣ ያገለገለና የጠቆረ ነው። ሻካራውን ስንወጥረው ጎጆው በድምፅ ተሞላ፣ ልጆች ከውጭ እየሮጡ መጡ። ልሙጡን ስንወጥረው ደግሞ እዚያው አጠገቤ ሆኖ እንኳ ያንቀላፋ ይመስላል።

"ሻካራው ነው" አለ መምህሩ ወዲያው። "መራጩ ጮክ ያለ ነገር ይወዳሉ። ይሄኛውን ማን ይሰማዋል?"

እንጨቱን እየው አልኩት። ሻካራው አንድ ዘፈን ሳይሞላ የፍሬኑ ሽቦ የጀመረውን ቦይ አጥልቆታል። ተንሸራትቼ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስሄድም ይፏጭብኛል። እሱ ግን "ለአንድ ቀን ነው፣ እንጨቱ ይችለዋል" አለ።

እኔ የማስበው ስለ መራጩ አልነበረም። እህቴን አውቃታለሁ። እንደኔ አይደለችም፣ ሰው በተሰበሰበበት ፊት አትቆምም፤ ሰርግ ቢሆን ከአጥር ወዲያ ሆና ነው የምታየው። ኪነት መጣ ቢባል ከሰው ጋር ግር ብላ መድረክ ሥር አትመጣም። ታዲያ ጎጆ የሚሞላ ድምፅ ምን ያደርግልኛል?

"መምህር፣ አንተ ምታው፣ እኔ ርቄ ልስማ" አልኩት። "ሜ፣ እስኪ" አለና በኦሮምኛው እየሳቀብኝ ጊታሩን ተቀበለኝ። መጀመሪያ ሻካራው ተወጥሮ እሱ ሲመታ እኔ እየራቅኩ ሄድኩ። ወፍጮው ጋ ስደርስ የሞተሩ ጩኸት ዋጠው፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ተመልሼ ልሙጡን አስወጠርኩና እንደገና ሄድኩ። ወፍጮውን አለፍኩ። ድምፁ በሞተሩ ሥር ሥር እየሄደ አብሮኝ መጣ። ማሽላው ውስጥ ገብቼ ቆምኩ፤ በጆሮዬ ሳይሆን በውስጥ እግሬ ነው የምሰማው። ብቻዬን ሳቅኩ። ስመለስ "ልሙጡ ነው" አልኩ።

"ካልተመረጥንስ?"

"እኔን ስደበኝ።"

"አንቺን የሚሰድብ ማን ደፋር አለ?" አለና ሻካራውን ጠቅልሎ ለነጋዴው ሰጠው።

መራጩ መጡ። ጫማቸው ቡትስ ነው፣ ወንበራቸው ከፊት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ አንቀላፍተዋል። መምህሩ በላብ ራሰ። እኔ ግን ቡትሳቸውን ነበር የማየው፤ አይናቸው ተከድኖ እግራቸው ምቱን ይጠብቃል። ሲነቁ አጨበጨቡና "ይሄኛው ይሂድ" አሉ። መምህሩ ዘሎ አቀፈኝ፣ ከዚያ የሠራው ገብቶት አፈረ።

አምፕሊፋየሩን ከየአምባው ወፍጮ ጋር እያያያዝን አምባዎቹን መዞር ጀመርን። በየደረስንበት መድረክ ከመውጣቴ በፊት የእህቴን ስም እጠይቃለሁ። አናውቅም። እዚህ የለችም። ደግሞ ሌላ አምባ፣ ደግሞ ሌላ። አንዳንዱ "ብዙ ሰው ሞቷል እኮ" ይለኛል፤ እንዲህ የሚለኝን ሰው በመላጣው አናቱን ብለው ደስ ባለኝ። ተስፋዬ ግን እየሳሳ ሄደ፤ መኪናው ላይ ስንወጣ ከማንም ጋር ማውራት ተውኩ። መምህሩ ኮረኮንቹ ላይ መላጣው እንዳይጋጭ ታቅፎልኝ ይቀመጣል።

ከባምባሲ ወዲህ ባለ አንድ አምባ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ጠየቅኩ። የተጠየቀችው ሴት ትከሻዋን ሰበቀች። መድረኩ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ጀመርን። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሆነን፣ እኔ እንደ ልማዴ ከሰው በላይ አሻግሬ የጎጆዎቹን ደጃፍ ደጃፍ አያለሁ።

ከመጨረሻው ጎጆ አንዲት ሴት ወጣች። ጋቢ ተከናንባለች፣ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው። ቆም ትላለች፣ መሬቱን ታያለች፣ ደግሞ ትራመዳለች። ሰዎች "ተመለሺ፣ ታመሻል እኮ!" ይሏታል፣ አትሰማም። ሕዝቡ መንገድ ሲለቅላት ጋቢው ከራሷ ላይ ወረደ። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ እሷው ናት።

ወባ ይዟት ተኝታ ነበር። ዘፋኞቹን አልሰማችም፤ ከመደቡ ሥር ግን በመሬቱ የሚመጣ አንድ ነገር ደረቷን ይነካካታል። መድረኩ ጫፍ ላይ ደርሳ ቀና ብላ አየችኝ።

"ወባው የተነሳብኝ መስሎኝ ነበር እኮ" አለች። "ኋላ ሳዳምጠው ምት ይጠብቃል። ወባ መቼ ምት ይጠብቃል ብዬ ተነሳሁ።"

ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩ። መላጣውን ለማን እንዳቀበልኩት፣ ዘፈኑን ማን እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።