ባለቀንዱ ጭራቅና የቀጥቃጩ ልጅ

ጓደኛዬ እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ኦክላንድ እኔ ቤት ትመጣ ነበር። ሃያ ዓመት የዘለቀ ልማድ ነው። አሜሪካ እንደገባን አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል፤ እኔ ሥራ ስገባ ልጄን እሷ ታበላልኛለች፣ እሷ ስትገባ ልጇን እኔ አጥባለሁ። በኋላ ልጆቹ አደጉና ተዋደዱ። ልጄ ሳን ሆዜ ቢሮ ትሠራለች፤ የእሷ ልጅ ደግሞ ፓሎ አልቶ፣ ሆስፒታል ውስጥ። እኛም ደስ ብሎን ሽማግሌ የሚላክበትን ቀን ቆረጥን።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንዱ እሁድ፣ ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የሚያስፈራ ተከታታይ ፊልም ከፈተችልን። በረዶ የሸፈነው ጫካ ነው። ከዛፎቹ መሃል አጥንቱ የገጠጠ፣ የአጋዘን ራስ ቅልና ረጅም ቀንድ ያለው ነገር ወጥቶ ሰው ይበላል። በበላ ቁጥር ይብሱን ይርበዋል።

“ዌንዲጎ ነው ስሙ” አለች ልጄ። “ኔቲቭስ፣ ነባሮቹ የአሜሪካ ሰዎች፣ የሚያምኑበት ስፒሪት ነው። ኢን ዚስ ሾው ሂ ኢዝ ዘ ቪለን።”

“ቡዳ ነው በዪኛ!” አለች ጓደኛዬ እየሳቀች። “እናቴ ስትነግረን፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ሲመሽ ጅብ ሆነው ይወጣሉ፤ ጠዋት ሰው ሆነው ወናፋቸው ሥር ቁጭ ይላሉ። ዛሬማ ጌታን አውቀናል፣ በዚህ አናምንም።”

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ አውቄ ነው የከፈትኩት። ዝም ብል የምትጠረጥረኝ ስለመሰለኝ “እኛም ሰፈር አንድ ነበር” አልኩ። “ማጭድ ሊያስሉ የሚመጡ ሰዎች ዓይኑን ላለማየት ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቆሙ ነበር። ጅብ ሆኖ ሲሮጥ ያየው ሰውም አለ።” ጓደኛዬ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ያ ሰው አባቴ ነው።

አባቴ ጎጃም ገጠር ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ አንዱ ሳይነቀል ሌላው ይመታል። ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚሉት ይህ ሰው ራቱን ሳይጨርስ እንቅልፍ የሚጥለው ነበር፤ እናቴ ጉርሻውን ከእጁ ላይ ታነሳለች። አገሩ በሙሉ በእሱ ማረሻ አርሶ፣ በእሱ ማጭድ አጭዶ ይበላል። በላ የሚባለው ግን እሱ ነው። ልጅ በታመመ ቁጥር ጎትተው ይወስዱትና በሽተኛው ላይ እንትፍ በል ይሉታል። ይልላቸዋል። ልጁ ከዳነም የበላው እሱ ነበር፣ ከሞተም የበላው እሱ ነው። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከዚያ መንደር ወጣሁ። አባትሽ ምን ይሠራል ላለኝ ሁሉ ነጋዴ ነው እላለሁ። ለልጄም ያልኳት ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ሰኞ ሥራ ገባሁ። ፍሩትቬል አካባቢ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ነኝ። ከማጥባቸውና ከማበላቸው መካከል አንዲት ባልቴት አሉ፤ ከሰሜን፣ ከትልልቆቹ ሐይቆች በኩል በወጣትነታቸው የመጡ ኔቲቭ ናቸው። ሕዝባቸው ከአልጎንኩዊን ነገዶች አንዱ እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። ምሳቸውን ሳበላቸው የዚያው ፊልም ማስታወቂያ በሳሎኑ ቴሌቪዥን መጣ። አፋቸው ድረስ ያደረስኩትን ማንኪያ በእጃቸው ገፉት።

“ይሄ የእናንተ ተረት ነው አይደል?” አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

“ቀንድ አልነበረውም” አሉ በቁጣ። “ቀንዱን እነሱ ናቸው የጨመሩበት።”

ከዚያ ነገሩኝ። ታሪኩ የክረምት ነው፤ ምግብ በሚያልቅበት ወቅት ለልጅ የሚነገር። ጎረቤቱ እየተራበ ብቻውን የሚበላ ሰው ያንን ይሆናል። አያታቸው ሲነግሯቸው መጀመሪያ የገዛ ሆዳቸውን እንዲፈሩ ነበር። “አሁን የልጅ ልጄ ጓደኞች እኛን ነው የሚፈሩት። እናንተ ጋ እንደዚህ ያለ አለ ወይ ብለው ይጠይቋታል” አሉ። ቀጥለው ዞር ብለው አዩኝ። “እናንተስ አገር አለ?”

“አለ” አልኩ።

“ምን ያደርጋል?”

“ብረት ይቀጠቅጣል። አባቴ ነው።”

ይህን ቃል በሕይወቴ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባልቴቷ አልሳቁም። “ያካፍል ነበር?” ብለው ጠየቁኝ።

“ለመበለቶች ማጭድ በነጻ ይስል ነበር።”

“እንግዲያው እሱ አይደለም” አሉና አፋቸውን ለሾርባው ከፈቱ።

አብልቼ ስጨርስ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለአባቴ ብቻ አይደለም፤ ትናንት ሳሎኔ ቁጭ ብዬ ቀንድ ስለቀጠልኩበት ነው። መንደሩ ያደረገውን እኔም ደገምኩት፤ ያውም ለሳቅ።

ሽማግሌዎቹ በተቆረጠው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው። ጭማቂ ቀረበላቸው፣ አገር ተጠየቀ፣ ጤና ተጠየቀ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው “እንግዲህ እህታችን፣ እንደ ወጉ የልጅቷን ዘር ማንዘር ቢያጫውቱን” አሉ። ነጋዴ ማለት እችል ነበር። ልጄ ጎኔ ተቀምጣለች፤ የምትወደውን ልጅ ማግባቷ በእኔ መልስ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። “አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር” አልኳቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ወደ አፋቸው ያስጠጉትን ብርጭቆ ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ትልቁ ቶሎ ብለው “ኧረ ይሄማ ዘመን አልፎበታል!” አሉ። ብርጭቆው ግን እስኪሄዱ ድረስ ሙሉውን እንዳለ ነበር።

ልጄ ሽማግሌዎቹን ሸኝታ ስትመለስ “ሶ ዋት? ብላክስሚዝ? ማሚ፣ ዛትስ ኩል!” አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የደበቅኩትን በአንዲት “ኩል” አለፈችው። ልስማት ወይ ልምታት ጨነቀኝ።

ጓደኛዬ ማታውኑ ደወለች። “ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ምን ቸገረኝ? በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን” አለች። አመሰገንኳት፣ አመንኳትም። ሰርጉም ተደገሰ፤ ፎቶው ላይ አቅፋኛለች። እሁድ እሁድ መምጣቷ ግን ቀረ። መጀመሪያ ደከመኝ አለች፣ ቀጥላ ፍሪዌዩ ተዘጋጋ አለች። ባለፈው ፋሲካ የላኩላት ዶሮ ሰሃኑ ታጥቦ በልጇ በኩል ተመለሰልኝ። ልጇ ግን ሲሰጠኝ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ዶሮው ሳይቀመስ የት እንደተደፋ ያኔ ገባኝ።

ልጄ ሳን ሆዜ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች። ከሥራ በቀጥታ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ሄድኩ። ጓደኛዬ ቀድማኝ ደርሳ ሕፃኑን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሩን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝና ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው።

“ኤሲው ይበርዳል” አለች።

አባቴ ገበያ መሃል ሲያልፍ፣ ልጅ ያዘሉና ያቀፉ እናቶች ሁሉ ልክ እንዲሁ ነጠላቸውን ይስቡ ነበር፤ ዓይኑ እንዳያርፍበት። እኔ እጁን ይዤ ከጎኑ ስሄድ ነው ያየሁት። ጓደኛዬ አስባበትም አይመስለኝም፤ እጇ ነው ቀድሟት የሄደው። ሃያ ዓመት ልጇን በዚህች ዓይኔ ሥር አሳድጌላታለሁ።

ልጄን አየኋት። ገብቷታል። “ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኖት ቱዴይ” አለችኝ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች። ከጓደኛዬ እጅ ይልቅ ይቺ ቃል ነች ያቆሰለችኝ።

እጄን ታጠብኩ። ወደ ወንበሩ ሄጄ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጓደኛዬ ትንሽ አመነታች፤ ያኔ ግን እሷ ትስጠኝ ወይስ እኔ ልውሰደው እስካሁን አላውቅም። ብርድ ልብሱን ከፊቱ ላይ ገለጥኩና እስኪበቃኝ አየሁት። ሰፊ ግንባር፣ የተጋጠመ ቅንድብ።

“አባቴን መሰለ” አልኩ።

የሰሙኝ ስላልመሰለኝ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ።

“ቀጥቃጩን” አልኳት።